በባለፎቶው ስም

ባለፈው ሳምንት መስከረም ከባሕር ዳር አንድ ሊንክ ላከችልኝ። መስከረም የወንድሜ ልጅ ናት፤ ዘንድሮ ነርስ ሆና ተመርቃለች። ጋውኗን ለብሳ የተነሳቻቸውን ፎቶዎች ፎቶ አንሺው አንድ ገጽ ላይ ሰቅሎላታል። «አክስቴ፣ እይውና ለአያቴም አሳዪያት፤ አንድ በአንድ ልልክልሽ ብል ኔትወርኩ አላስቻለኝም» ትላለች። እኔም መነጽሬን ፈልጌ፣ አጥቼ፣ አናቴ ላይ አግኝቼው፣ ሊንኩን ነካሁት። ፎቶው ብቅ ሊል ሲል አንድ ነጭ ሳጥን መጣና ፊቷ ላይ ተገተረ። ለማየት ግቡ፣ አካውንት የሌላችሁ ክፈቱ ይላል። ከሳጥኑ ሥር የቀረችልኝ የጫማዋ ጫፍ ናት፤ እሷንም ጭጋግ አልብሰዋታል።

በዚህ ነገር የማይናደድ ሰው አላውቅም። አብራኝ የምትሠራው ልጅ እንዲህ ያለ ሳጥን በመጣባት ቁጥር ስልኳን ልትወረውረው ትደርሳለች። «የሰው ፎቶ አይቼ ልውጣ እንጂ ልጋባቸው ነው እንዴ ስሜን የሚጠይቁኝ!» ትላለች፤ አልፈርድባትም። እኔ ግን ሳቅሁ። እናቴ ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ነበርና ሳቄን ሰማች።

«ምን ያስቅሻል?»

«ያ በረኛ መጣ፣ እማ።»

ትንሽ አሰበች። ዓይኗ ደክሟል፣ ጆሮዋም እንደ ድሮው አይደለም፤ ልቧ ግን አሁንም ሁሉን ያስታውሳል። «የዳንግላው?» አለች።

«የዳንግላው።»

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። እዚሁ እንጅባራ አንድ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሱቅ ውስጥ እሠራ ነበር። ቀኑን ሙሉ የሰው ማመልከቻ ስተይብ እውላለሁ። እንዴው በዚያ ዕድሜዬ የማላውቀው የመንግሥት ቢሮ፣ የማላውቀው የሰው በደል አልነበረም። ኮምፒዩተር አውቃለሁ ብዬ ደግሞ አፍንጫዬን ሰማይ ሰቅዬ ነበር የምሄደው። ኢንተርኔት የሚሉትን ግን ያየሁት ሁለት ጊዜ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ መሥመሩ ተቋርጦብኝ ወጥቻለሁ።

ወንድሜ ይበልጣል በስድስት ዓመት ይበልጠኛል። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው መሬታችን ድንችና ገብስ ያርሳል፣ ፈረስ ይጋልባል፣ ይስቃል። ሲስቅ አፉን ከፍቶ፣ ራሱን ወደ ኋላ ጥሎ ነው። ፈረሱ ቦራ ይባላል፤ ግንባሩ ላይ ነጭ አለበት፣ የፊት ግራ እግሩም ካልሲ ያጠለቀ ይመስል እስከ ጉልበቱ ነጭ ነው። ይበልጣል ሚስቱን ሲያገባ እናቴ «ቦራ እንዳይቀናብህ» ብላ አስቃናለች።

በዚያ ዓመት ክረምት ለአረም ሥራ ብሎ ከጫግኒ በታች ወደ ቆላው ወረደ። እኛ ብርድ እንጂ ወባ አናውቅም። መስከረም ሊያልቅ ሲል ሰዎች ደግፈው አመጡት፤ በሦስተኛው ቀን ቀበርነው። ሃያ ስምንት ዓመቱ ነበር። የአምስት ወር ሴት ልጅ ነበረችው።

በእኛ አገር ፈረሰኛ ሲሞት ፈረሱ ሙሉ ጌጡን ለብሶ፣ ኮርቻው ባዶ ሆኖ፣ ለቅሶው መሀል ይዞራል። ፎቶ ያለው ሰው ፎቶው በመስታወት ተደርጎ ኮርቻው ላይ ይታሰርለታል፤ ለቀስተኛው ፊቱን እያየ ያለቅሳል። የይበልጣል ፎቶ አልነበረንም። የቀበሌ መታወቂያው እዚያው ቆላ ጠፋ። ለሠርጉ ያመጣነው ፎቶ አንሺ ደግሞ «ፊልሙ ተቃጠለ» ብሎን ነበር፤ ያኔ ይበልጣል ራሱ ስቆ ነው ያለፈው። እናም ቦራ ባዶ ኮርቻውን ይዞ ዞረ። አልቃሾቹ ዓይናቸውን የሚጥሉበት ቸግሯቸው መሬት መሬቱን ያዩ ነበር።

ከቀብር ስንመለስ እናቴ በሩ ላይ ቆመች። «ልጄን መልክ እንደሌለው ሰው ሸኘሁት» አለች። ከዚያ ሕፃኗን ከምራቷ ጀርባ ተቀበለችና «ይህችስ አባቷን በምን ታውቀዋለች?» ብላ ጠየቀችን። ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤታችን የሚወራው አንድ ነገር ሆነ። አርባው ሳይደርስ የይበልጣል ፊት መገኘት አለበት። ከየት? እንጃ!

አርባው አራት ቀን ሲቀረው እናቴ ልብሱን ለንስሐ አባቱ ልትሰጥ አወጣችው። ኪስ ስትበረብር ከኮቱ ውስጥ አራት ቦታ የታጠፈ አንድ ወረቀት አገኘች፤ በእንግሊዝኛ ፊደል የኢንተርኔት አድራሻ የተጻፈበት። ሱቅ ድረስ ይዛልኝ መጣች፣ ነጠላዋን እንኳ በወጉ ሳትለብስ። ሳየው ትዝ አለኝ። በጥር ጊዮርጊስ ፈረሰኛው ሁሉ በሚወጣበት ቀን ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ካሜራ ያነገበ ሰው ነበር። ፈረሶቹ በሚጋልቡበት ሜዳ በሆዱ ተኝቶ ያነሳል። ይበልጣል ማታ ሲያወራን «ቦራ ሊደፈጥጠው ለትንሽ ነው የተረፈው፤ ዕብድ ነው!» ብሎ ነበር። ያ ዕብድ ነው ወረቀቱን የሰጠው፤ ፎቶህ እዚህ ላይ ይወጣል ብሎ። ይበልጣል ስቆ ኪሱ ከተተው፣ ረሳው። እኛም ረሳነው።

በማግስቱ በጠዋት ከእናቴ ጋር ወደ ዳንግላ በሚኒባስ ተሳፈርን፤ እንጅባራ ያለው መሥመር ከተበላሸ ሳምንቱ ነበር። እኔ ብቻዬን ልሂድ ብዬ ነበር፤ ማን ሰምቶኝ! «የማን ልጅ መሰለሽ?» አለችኝ። ጥቁሯን ለብሳ፣ የተላጨ ራሷን ሸፍና፣ ትኩስ የተቀቀለ ድንች በጨርቅ ጠቅልላ ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ጭጋጉ ገና አልተነሳም ነበር። ወደ ዳንግላ ስንቀርብ ፀሐይ ወጣችና የኑጉ ማሳ ከግራና ከቀኝ ቢጫ ሆኖ ታየ። እናቴ ያንን ስታይ እንባዋ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ ጨርቁን ፈትታ ለተሳፋሪው ሁሉ ድንች ማደል ጀመረች። ሾፌሩ እንኳ አልቀረም፤ በአንድ እጁ መሪ፣ በአንድ እጁ ድንች ይዞ ነበር የሚነዳው። የእናቴ ሐዘን እንዲህ ነው፤ ሰው ካላበላች አይወጣላትም።

ኢንተርኔት ቤቱ መናኸሪያው አጠገብ ነው። ሦስት ኮምፒዩተር አለው፤ ባለቤቷ ብርቱካን የምትባል ሴት ናት። ከእኔ አሥር ዓመት ብትበልጥ ነው፤ ኮስታራነቷ ግን ለመቶ ዓመት ይበቃል። ግድግዳው ላይ በቀይ እስክርቢቶ «ስክሪን መንካት ክልክል ነው»፣ «ጮክ ብሎ ማውራት ክልክል ነው»፣ «ምግብ ይዞ መግባት ክልክል ነው» የሚል ተለጥፏል። እናቴ ማንበብ ስለማትችል ድንቿን ይዛ ሰተት ብላ ገባች። ብርቱካን አፏን ልትከፍት ስትል ጥቁር ልብሷን አየችና ወንበር ሳበችላት።

አድራሻውን አንድ በአንድ ጻፍሁት። ገጹ ቀስ እያለ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ መጀመሪያ ሰማይ፣ ከዚያ የጦር ጫፍ፣ ከዚያ... ያ ነጭ ሳጥን መጥቶ መሀል ላይ ተገተረ። ከሳጥኑ ሥር የፈረስ እግሮች ብቻ ቀሩ፤ እነሱም ደብዝዘዋል። እናቴ ወንበሯን ገፍታ ተነሳች።

«ቦራ ነው! የፊት ግራ እግሩ! የሺ፣ ቦራ ነው!»

ጮክ ብሎ ማውራት ክልክል መሆኑን ያስታወሳት የለም። «በላዩ ያለውስ? ምንድን ነው የጋረደው?»

ብርቱካን ጎንበስ ብላ አነበበችው። «ካልተመዘገባችሁ አላሳይም ነው የሚለው፣ እማማ።»

«በረኛ ነው በይኛ!»

«እኔ ራሴ የዚህ አካውንት የለኝም እንጂ በእኔ አስገባችሁ ነበር። መክፈት ነው ያለባችሁ።»

እኔ ምን ገዶኝ፣ ስም የሚለው ላይ «የሺ» ብዬ መጻፍ ጀመርሁ። እናቴ እጄን ያዘችኝ።

«በማን ስም ነው የምትጽፊ?»

«በእኔ ነዋ።»

«ፎቶው ያንቺ ነው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ! በባለፎቶው ስም ጠይቂ እንጂ! ‹በዚህ ስም አልተገኘም› ቢሉሽ ደግሞ ማን ሊመልሰን ነው?»

እናቴ ይህን ያለችው ዝም ብላ አይደለም። አባታችን የሞተ ጊዜ የመሬት ደብተሩን ፍለጋ ወረዳ ሄዳ ነበር። ስም ሲሏት የራሷን ሰጠች፤ መዝገብ ቤቱ ግማሽ ቀን ፈልጎ «የለም» አላት። ለካ ፋይሉ በአባታችን ስም ነው። ከዚያ ወዲህ የትኛውም ቢሮ ስትገባ መጀመሪያ የምትናገረው የባለፋይሉን ስም ነው። እውነቱን ልናገር፤ መሳቅ ነበረብኝ፤ ግን እኔም እርግጠኛ አልነበርሁም። ያን ሁሉ ማመልከቻ የተየብሁ ሴት አይደለሁ? ቢሮ ማለት ለእኔም እንደዚያ ነው። ወደ ብርቱካን ዞርሁ። «እኔ እንጃ» አለች፤ «በእሱ ይሁን፤ ምን ይጎዳል?» እንዲህ ነው ሦስት ሴቶች ተሰብስበን፣ ሳንስቅ፣ ከምራችን፣ ለሞተ ሰው አካውንት የከፈትነው።

የልደት ቀን ጠየቀ። «ጥር ጊዮርጊስ ነው የወለድሁት» አለች እናቴ። በእኛው አቆጣጠር ቀኑንም ዓመቱንም ጻፍነው፤ ፈረንጅ ሌላ ዘመን እንደሚቆጥር ያሰበ የለም። ፓስወርዱ ደግሞ ስምንት ፊደል ይሁን አለ። «ቦራ» በእንግሊዝኛ አራት ሆነብን፤ ሁለት ጊዜ ደጋግመን ጻፍነው። ከዚያ ወዲህ ስለቀየርሁት ብነግራችሁ ግድ የለም።

በኢሜይል የተላከላችሁን አረጋግጡ አለ። ብርቱካን ለይበልጣል ኢሜይልም ከፈተችለት። ያ ሊደርስ ሲል መሥመሩ ጥርግ ብሎ ጠፋ።

ከእኩለ ቀን ጀምሮ ጠበቅን። ብርቱካን ሌላ ደንበኛ አላስገባም ብላ በሩን ገርበብ አደረገችው። የራሷን ሕግ ጥሳ ድንች በበርበሬ እያጠቀሰች በላች፤ እናቴም ስለ ይበልጣል ነገረቻት። እኔ ሰዓቴን አያለሁ። የመጨረሻው ሚኒባስ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው የሚወጣው። አርባው እሑድ ነው፤ የእንጅባራው ፎቶ ቤት ለማተም ሁለት ቀን ይፈልጋል። ዛሬ ካልሆነ ቦራ እንደገና ባዶውን ሊዞር ነው። የወንድሜን ሞት ሁለተኛ የምሰማው መስሎ ተሰማኝ።

አሥር ሰዓት ተኩል ላይ መሥመሩ መጣ። ብርቱካን ወንበሩን ነጥቃኝ ራሷ ተቀመጠች። ኢሜይሉን አረጋገጠች፣ ተመለሰች፣ ተጫነች። አሁን ደግሞ የተጣመሙ፣ የተወላገዱ ፊደላት የያዘ ሳጥን መጣ።

«ደግሞ ምን አለ?» አለች እናቴ።

ብርቱካን ሳታስበው አነበበችው። «ሰው መሆንህን አረጋግጥ ይላል።»

ብርቱካን ያለችው የገባት ካለች በኋላ ነው፤ እጇን አፏ ላይ ጫነች። እናቴ ስክሪኑን ትክ ብላ አየችው።

«ሰው ነበረ በይው» አለች። «እንዴት ያለ ሰው!»

ያቺ ኮስታራ ብርቱካን ፊደላቱን ሁለት ጊዜ ተሳሳተች፤ በእንባ ውስጥ ማየት አልቻለችም። እኔም አልረዳኋት፤ እኔም አላይም ነበር። በሦስተኛው አለፈች።

ፎቶው ተከፈተ። ይበልጣል ቦራ ላይ ሆኖ፣ አለንጋውን ከፍ አድርጎ፣ አፉን ከፍቶ፣ ራሱን ወደ ኋላ ጥሎ ይስቃል። ያንን መሬት ላይ የተኛ ዕብድ እያየ ነው የሚስቀው። ጥርሶቹ መሀል ያለችው ክፍተት ሳትቀር ትታያለች። እናቴ ሄዳ ስክሪኑን በሁለት እጇ ያዘችው፤ ጉንጩን ዳበሰችው፤ ብርቱካንም ይባስ ብላ ስክሪኑን አስጠጋችላት። ከዚያ እናቴ በአገውኛ ተናገረችው። ከገበያ አምሽቶ የገባ ልጅ እንደሚቆጡት ተቆጣችው።

«ምን አለችው?» አለች ብርቱካን፤ አገውኛ አትሰማም።

«እስካሁን የት ቆየህ ነው የምትለው» አልኋት።

ብርቱካን ፎቶውን የራሷ ፍላሽ ላይ ገልብጣ እጄ ውስጥ አስገባችው። ኢሜይሉንና ፓስወርዱን በወረቀት ጻፈችና «ይኼን እንዳትጥይ፤ የወንድምሽ ቁልፍ ነው» አለችኝ። ሮጠን መናኸሪያ ስንደርስ አሥራ አንድ ካለፈ ቆይቷል። የጠዋቱ ሾፌር ሞተር አስነስቶ ቆሟል። «እናትዬዋ ሳይመጡ አልሄድም ብሎን ነው እኮ» አለን አንድ ተሳፋሪ፤ ምክንያቱን ስንነግራቸው የተነጫነጨ አንድም ሰው የለም። እሑድ ዕለት ቦራ የይበልጣልን ሳቅ ኮርቻው ላይ አስሮ ዞረ። ለቅሶ ላይ እንደዚያ የሚስቅ ፊት አይቼ አላውቅም፤ ለቀስተኛው እያለቀሰ ፈገግ ይል ነበር። እናቴ ከፈረሱ ኋላ ቀና ብላ ሄደች።

ሳምንት ቆይቼ ፍላሹን ልመልስ ለብርቱካን አንድ ማዳበሪያ ድንች ይዤላት ሄድሁ። ዛሬ ባሕር ዳር ትኖራለች፤ በዓል በመጣ ቁጥር እንደዋወላለን፤ መስከረምንም ትምህርት ላይ ሳለች እንደ ልጇ ነው ያየችልኝ። ውለታዋን በምን ቃል እንደምከፍል አላውቅም።

በማን ስም ቢከፈት ልዩነት እንደሌለው የገባኝ ከዓመታት በኋላ ነው። በእኔ ስም ብንከፍተውም ያው ይከፈት ነበር። አፈርሁ፤ ለማንም አልተናገርሁም፤ ለእናቴም ለመስከረምም። አካውንቱን ግን አልተውሁትም። ገጹ ባለቤት ቀየረ አሉ፣ መልኩም ስንቴ ተቀያየረ፤ ይበልጣል ግን አለ። በየዓመቱ ከጥር ጊዮርጊስ ስምንት ቀን ቀድሞ «እንኳን ተወለድክ» የሚል ይላክለታል። በእነሱ ቆጠራ ደግሞ ስምንት ዓመት ጨምረውለታል። በሃያ ስምንት ዓመቱ ለሞተ ሰው ስምንት ዓመት ቀላል ስጦታ ነው እንዴ? እኔ ተቀብያለሁ፣ እግዜር ይስጣቸው።

የመስከረም ፎቶ አንሺ የሰቀለውም እዚያው ገጽ ላይ ነበርና፣ ባለፈው ሳምንትም በዚያው በእሱ ስም ገባሁ። «እንኳን ደህና መጣህ፣ ይበልጣል» አለኝና ሳጥኑ ተነሳ። መስከረም ጋውኗን ለብሳ፣ ራሷን ወደ ኋላ ጥላ ትስቃለች። ጥርሶቿ መሀል ክፍተት አለ። ስልኩን ወደ እናቴ ዓይን አስጠጋሁላት፤ ስታይ፣ ስታይ፣ ቆየች። ስመልሰው አውራ ጣቴ የልብ ምልክቷ ላይ ዐረፈ መሰለኝ፤ ቀይ ሆነች። ልብ አላልሁትም።

አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ስልኩ ጮኸ። መስከረም ናት፤ ድምፅዋ ቀጥኗል።

«አክስቴ... ፎቶዬን የወደዱት ሰዎች ስም ይመጣል አይደል? አንዱ... የአባቴ ስም ነው። እስከ አያቴ ስም።»

ምን ልበላት? ደጃፉ ላይ ቆሜ ሁሉንም ነገርኋት፤ ኪስ ውስጥ የተገኘውን ወረቀት፣ ድንቹን፣ በረኛውን፣ በባለፎቶው ስም ጠይቂ የተባልሁትን። እናቴ ስልኩን ከእጄ ወስዳ፣ ገልብጣ ይዛው፣ «አባትሽ ቆንጆ ሆነሻል ብሏል» ብላ ጮኸችባት። ከወዲያ በኩል ሳቅ ይሁን ልቅሶ ያለየለት ድምፅ መጣ።

«አክስቴ፣ ያንን ልብ እንዳታነሺው» አለችኝ።

«ኧረ ማን ሊያነሳው!»

ሰው በረኛውን ይርገመው፤ ደግሞም አይሳሳትም፤ ለራሳቸው ጥቅም ብለው ነው ያቆሙት። እኔ ግን አልችልም። ያን ቀን በረኛ ባይኖር ፎቶውን አይተን፣ አትመን፣ እንወጣ ነበር፤ ያን ስም የምንጽፍበት ምክንያት አይኖረንም ነበር። እናቴ ስለተሳሳተች፣ እኔም ስላላወቅሁ፣ አንዲት ኮስታራ ሴትም «ምን ይጎዳል» ስላለች፣ ወንድሜ ልጁ ስትመረቅ ከእንግዶቹ ጋር ተቆጠረ። መስከረም ለጥር ጊዮርጊስ እመጣለሁ ብላኛለች። ብርቱካን የጻፈችልኝን ወረቀት ከሣጥን አውጥቼ አዲሱን ፓስወርድ ከሥሩ ጽፌበታለሁ። ለእሷ ነው የማስረክባት፤ ከእንግዲህ አባቷን እሷ ታስገባው።